ቲቸር ያዩት እባብ

ሰኞ 4

ይህ ደብተር የሙቀትና የእርጥበት መመዝገቢያ ነበር። በግራ የጠዋቱ፣ በቀኝ የማታው። ዛሬ የምመዘግበው ቁጥር የለኝም። ሙሽሪት ሳጥኗ ውስጥ የለችም።

ጠዋት ሳጥኗ ውስጥ ባሉት የፈርን ተክሎች ላይ ውሃ ስረጭ ስልክ ጠራ። ደንበኛ ነው፤ የመነጽሩ እግር ተሰብሮበታል። እያወራሁ ክዳኑን ገጠምኩት፤ መቆለፊያውን ግን አልጫንኩትም መሰለኝ። ከመነጽር ሱቄ ስመለስ ክዳኑ አንድ ጣት ያህል ተነስቷል።

ክንድ ተኩል የምትሆን፣ ብርቱካንማ፣ ጀርባዋ ላይ ቀያይ ክቦች የተደረደሩባት እባብ ናት። መርዝ የላትም። ሰው አትነካም። ይህን ለማን እንደምጽፈው እንጃ።

ማክሰኞ 5

የመስታወቱን ክፍል፣ እንስሶቼ በመስታወት ሳጥን የሚኖሩበትን፣ ገለባበጥኩት። መደርደሪያው ኋላ፣ የአፈር ከረጢቶቹ ሥር፣ የማሞቂያው መብራት ጀርባ። እንቁራሪቶቹ ሁለቱም አሉ። እስስቷም አንድ ዓይኗን ወደኔ፣ ሌላውን ወደ በሩ አድርጋ ታየኛለች።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «አንተ ሰው፣ ምን ጠፋብህ?» አለችኝ።

«ብሎን።»

«ለአንዲት ብሎን ነው ወለሉን በሆድህ የምትጠርገው?»

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች።

ይህን ክፍል ስትለቅልኝ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «የፈለግከውን አስገባ። እባብ የገባ ቀን እኔ እወጣለሁ።» ቀልድ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት የጌጥ ዓሣና እንቁራሪት የምገዛበት ዓሣ ሻጭ ሙሽሪትን በትራስ ልብስ ቋጥሮ ሲሰጠኝ፣ አራተኛውን ሳጥን በፈርንና በኦርኪድ አበባ ሞላሁት፤ ወለሉን የድንጋይ ሽበት አለበስኩት። «ይሄ ተክል ብቻ ነው» አልኳት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሻይዋን ይዛ እየመጣች «ውይ፣ እንዴት ያለ ጫካ ነው!» ስትል፣ ሙሽሪት ከግንዱ ሥር ተጠቅልላ ትተኛ ነበር። ምግቧን ደግሞ ሱቅ ባለው ማቀዝቀዣ ነው የማስቀምጠው። የዓይን ጠብታዎቹ ከላይ፣ በረዶ የሆኑት አይጦች ከታች። ይህንንም ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፍኩት።

ሐሙስ 7

መጸዳጃ ቤት፣ ከገንዳው ጀርባ፣ ቧንቧው ወደ ታች የሚወርድበት ቀዳዳ አለ። ሁለት ጣት ያስገባል።

በዚያ ገብታ ከሆነ ምናልባት ሞታለች።

ሞታ ከሆነ ደግሞ አለቀ ደቀቀ፤ ማንም ምንም አያውቅም። እንዲህ ብዬ ማሰቤን ከጻፍኩት በኋላ ነው ያየሁት።

እሑድ 10

ቁርስ ላይ ሳለን ከታች ቤት ጩኸት ተሰማ። ባለቤቴ በነጠላ ጫማ ሮጣ ወረደች። እኔ ዳቦው በእጄ እንዳለ ቀረሁ።

ታች ቤት የሚኖሩት ቲቸር ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ነው የሚላቸው። ስወርድ ኮሪደሩ ላይ በሌሊት ልብሳቸው ቆመዋል፤ ፀጉራቸው ግን ተበጥሯል። ዘበኛው ዱላ ይዞ መታጠቢያ ቤታቸውን ይፈትሻል። ፊት ለፊታቸው የምትኖረው ልብስ ሰፊም በሯን ከፍታ ታያለች።

«እባብ ነው» አሉ ቲቸር። «ከመታጠቢያው ሥር ወጥቶ በግድግዳው ጥግ ሄደ። ብርቱካን መልክ። ጀርባው ላይ ቀይ ክቦች አሉበት። ሠላሳ ስድስት እንደቆጠርኩ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ኋላ ገባ።»

«ቆጠሩት?» አለ ዘበኛው።

«ምን ላድርግ ታዲያ? ደንግጬ መንቀሳቀስ አቃተኝ። ስደነግጥ እቆጥራለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሳቀች። ዘበኛው ሳቀ። «ቲቸር፣ ፎቅ ላይ እባብ በሊፍት ነው የሚመጣው?» አለ። ሊፍት የለንም። እኔም ሳቅሁ። ድምፄን ሰማሁት።

ሰኞ 11

የቧንቧውን ቀዳዳ በሲሚንቶ ደፈንኩት። ለአይጥ ነው። ባለቤቴን እንደዚያ ነው ያልኳት፤ አይጥ አይተን ባናውቅም።

ማታ ሲሚንቶው ደርቋል። አሁን ብትፈልግም ወደዚህ መመለስ አትችልም። ይህን ስደፍነው አስቤዋለሁ ወይስ አላሰብኩም?

ረቡዕ 13

ከሱቅ ስመለስ ደረጃው ላይ የቲቸር ልጅ፣ ኢንጂነሩ፣ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ቆሞ ያወራል። መጥፎ ሰው አይደለም። ዓይኖቹ እንቅልፍ አጥተዋል።

«እናቴ ባለፈው ወር ድስት ጥዳ ረስታ ነበር» ይላል። «ምንም አላልኩም፤ ሰው ይረሳል። አሁን ግን የሌለ ነገር ማየት ጀመረች። ሌሊት መብራት አታጠፋም። ቦት ጫማ አድርጋ ነው የምትተኛው።»

«እኔ ነኝ ያለ አእምሮ ነበራቸው እኮ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ለዚህ እኮ ነው አንጀቴን የምትበላው።»

ሰላም ብዬ አለፍኩ። ደረጃው ለካ አሥራ ስምንት ነው። እኔም እቆጥራለሁ።

ቅዳሜ 16

ዛሬ ያደረግኩትን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ቲቸር ሱቅ መጡ። ልጃቸው መኪና ሊያቆም ሄደ። ጥቁር ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና «ልጄ፣ ሌላ ሰው ጋ አልሄድም። ዓይኔን እይልኝ። ጤነኛ ከሆነ ጤነኛ ነው በለኝ፤ ካልሆነም አትደብቀኝ» አሉኝ።

ሰሌዳውን አበራሁ። መነጽራቸውን እንዳደረጉ በቀኝ ዓይናቸው እስከ መጨረሻው መስመር ወረዱ። በግራም እንደዚያው። አልፈው ከግርጌ ያለችውን የማተሚያ ቤቱን ስም ሁሉ አነበቡልኝ፤ እኔ ራሴ እዚያ ስም መኖሩን ረስቼዋለሁ። በሰባ ሦስት ዓመታቸው! በመብራት ወደ ውስጥ አየሁ። እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ በዚያ ዕድሜ እንደዚህ ያለ ዓይን ያየሁት ሁለቴ ቢሆን ነው።

«እንዴት ነው?» አሉኝ።

ያኔ ነበር መናገር። ሱቁ ባዶ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። «ቲቸር፣ ያዩት እውነት ነው፤ የኔ ናት።» ይኸው ነው፤ ትንፋሽ እንኳ አይጨርስም። ግን ባለቤቴ ሻንጣዋን ስታወርድ ታየኝ። ደንበኞቼ ማቀዝቀዣውን ከፍተው ሲያዩ ታየኝ።

«ግራው ላይ ትንሽ ጥላ ነገር አለ» አልኩ።

«ጥላ?»

«አንዳንዴ... ብርሃን ሲመታው የሌለ ቅርጽ ሊያሳይ ይችላል። በዕድሜ የሚመጣ ነው።»

እንደ አዲስ ትምህርት ቀስ ብለው ደገሙት፦ «የሌለ ቅርጽ።»

ልጃቸው ገባ። «ወረቀት ላይ ብታሰፍርልን? ሐኪሟ ይጠይቀናል» አለኝ። ጻፍኩ። ማህተም መታሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ሲወጡ ቲቸር ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞህ፣ እውነቱን ስለነገርከኝ አልቀየምህም» አሉኝ። አይዞህ ያሉት እኔን ነው።

እሑድ 17

ምንም አልበላሁም። ሆዴን አመመኝ አልኩ። ባለቤቴ ዝንጅብል አፈላችልኝ።

ረቡዕ 20

ኢንጂነሩ ደረጃ ላይ አስቁሞ እጄን ጨበጠኝ። በሁለት እጁ። «ባለውለታዬ ነህ» አለኝ። «እኔ ስላት አትሰማም ነበር። አንተ ካልካት በኋላ ክኒኑንም መዋጥ ጀመረች። ሐኪሙ ብቻዋን ባትኖር ይሻላል ብሏል። ጥሩ የአረጋውያን መኖሪያ አግኝተናል፤ ግቢው አበባ በአበባ ነው።»

«መቼ ነው?»

«በመጪው ወር አጋማሽ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። አልተከፈተችም። ሽቅብ ወጥቼ እንቁራሪቶቹን መገብኩ።

ሰኞ 2

ወሩ ገባ። ሰበብ አበጀሁ፦ ቲቸር ቤት የሚንጠባጠብ ቧንቧ አለ ብላ ነበር ባለቤቴ። የመሣሪያ ቦርሳዬን፣ ባትሪዬን፣ አንድ የትራስ ልብስ ይዤ ወረድኩ። ማሽኑን ሳብኩት። የለችም። ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበት ስንጥቅ ላይ ግን የጣለችው ቆዳ ተገኘ፤ ስስ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ፣ ብርሃን የሚያስተላልፍ።

እያደገች ነው ማለት ነው። ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ብዬ ልጽፈው ይገባል። ከዚያ ቆዳውን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ያ ቆዳ ለሳቸው ምን እንደነበር ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

ቲቸር ወንበር ላይ ሆነው «ዋንጫ ያሸነፍክ ትመስላለህ» አሉኝ። በክኒኑ ምክንያት ንግግራቸው ይጎተታል።

ዓርብ 6

ድጋሚ ወረድኩ፤ ቧንቧው እንዴት ሆነ ብዬ። ቲቸር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ለማንም አትንገርብኝ። ትናንትም አየሁት።»

ቦርሳዬን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

«ግን አልጮህኩም» አሉ። «አሁን ዓይኔ እንደሚዋሸኝ አውቃለሁ። ቁጭ ብዬ አየሁት። እንደውም ያምራል። እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር ከራሴ ጭንቅላት መውጣቱ ገረመኝ።»

«የት ነበር?»

ቀና ብለው አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። «የሌለ ነገር» አሉ፣ «የት ነበር ተብሎ ይጠየቃል?»

መልሴን ሳይጠብቁ «ከማቀዝቀዣው ኋላ፣ ሞተሩ ጋ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ማክሰኞ 10

አገኘኋት።

ቲቸር ወንበራቸው ላይ እያንቀላፉ ነበር። ማቀዝቀዣው ይጮሃል ልየው ብዬ ገባሁ። ሞተሩ ላይ፣ ሙቀቱ ላይ ተጠቅልላለች። ከስታለች፤ ደህና ናት ግን። እጄ ላይ ተጠመጠመች፤ ታውቀኛለች ብዬ አሰብኩ። በትራስ ልብሱ ቋጥሬ ቦርሳው ውስጥ ከተትኳት።

ዞር ስል ቲቸር ነቅተዋል።

«አገኘኸው?»

«ምኑን?»

«የሚጮኸውን።»

«አዎ። አስተካክዬዋለሁ።»

«ተባረክ ልጄ።»

ቦርሳው በእጄ ውስጥ ይንቀሳቀስ ነበር። ዚፑን ልከፍተው እችል ነበር። እዚያው፣ ፊታቸው። ከመሄዳቸው አራት ቀን በፊት።

ሱቅ ወሰድኳት። አሁን ዓይን የምለካበት ክፍል ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ በካርቶን ውስጥ ናት።

ቅዳሜ 14

ሄዱ። ሻንጣቸውን እኔ ነኝ የተሸከምኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ልጃቸው «ተው እኔ ልያዘው» እያለ ለመንኩት። ልብስ ሰፊዋ አለቀሰች። ቲቸር መኪናው ውስጥ ሆነው ሕንጻውን ቀና ብለው አላዩም።

ባለቤቴ «ደግ ሰው ነህ» አለችኝ ደረጃውን ስንወጣ።

ሰኞ 16

ሥራ። ሰባት ሰው። ሁሉም «ዓይኔ እንዴት ነው?» ይላል።

ሐሙስ 19

ባለቤቴ ቲቸርን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ተቀመጠች።

«መነጽራቸውን አያደርጉም» አለችኝ። «መሳቢያ ውስጥ ከተውታል። ሁሉን ነገር ደግሞ ያስመሰክራሉ። 'ዝናብ እየጣለ ነው አይደል? እውነት ነው?' ይሉኛል። ሻይ መጣ፤ 'ይሄ ሻይ ነው?' አሉ። ሳልነግራቸው አይነኩትም። ያን የሚያህል ሴትዮ! ከዓይናቸው ጋር ተጣሉ እኮ።»

እጄን ጠረጴዛው ላይ አየሁት። ከዚያ ነገርኳት። ስለ ሙሽሪት፣ ስለ ክዳኑ፣ ስለ ሲሚንቶው፣ ስለ ቆዳው። ስለ ማቀዝቀዣው። አንዱንም አላስቀረሁም፤ ወረቀቱን ብቻ መጨረሻ ላይ አደረግኩት።

አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፦

«ዓይናቸው ጤነኛ ነበር?»

«ከኔ ይሻላል።»

«እያወቅክ ጻፍክ።»

«እያወቅኩ።»

ተነስታ መስኮቱን ከፈተች፤ እንደገና ዘጋችው። «እባቡን እችለው ነበር» አለች። «ትንሽ እጮህ ነበር፣ ሦስት ቀን እህቴ ጋ እሄድ ነበር፣ እመለስ ነበር። እኔ የፈራሁት እባብን ነበር እንጂ አንተን አልነበረም።»

ማታ እህቷ ጋ ሄደች። ስለ ሦስት ቀን ምንም አላለችም።

ቅዳሜ 21

መጀመሪያ ኢንጂነሩ ጋ ደወልኩ። መኖሪያው በር ላይ እንድንገናኝ ለመንኩት፤ ለምን እንደሆነ በስልክ አልነገርኩትም። ቦርሳዬን አይቶ «ምን ይዘህ ነው? ፍሬ?» አለኝ።

ቲቸር አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው ፈካ። «ልጄ! ና ግባ። እስኪ ሚስትህ ደህና ናት?»

አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ እንደማልናገረው አውቃለሁ። «ቲቸር፣ ያዩት እባብ እውነት ነው። የኔ ነው። ከቤቴ አምልጦ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። ዓይንዎም ጤነኛ ነው። ዋሽቼዎት ነው።»

ኢንጂነሩ የሰማው አልመሰለውም፤ «ምን አልክ?» አለ ሁለት ጊዜ። ቦርሳውን ከፈትኩ። ሙሽሪት ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ አየሩን ቀመሰች። እሱ ግድግዳው ጋ ተለጠፈ። ቲቸር አልተነቃነቁም። እጃቸውን ወደ መሳቢያው ሰደዱ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ፣ አደረጉት። አዩዋት። እንባቸው በመነጽሩ ሥር ወረደ፤ አልጠረጉትም።

ልጃቸው ኮሌታዬን ያዘኝ። «ወረቀት ጽፈህ! ማህተም መትተህ! እኔ እናቴን በገዛ እጄ...» መጨረስ አቃተው። ይምታኝ ብዬ ቆምኩ። የሚገባኝ እሱ ነበር፤ ቢመታኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

«ልቀቀው» አሉ ቲቸር።

ለቀቀኝ። ቲቸር ወደኔ ዞሩ። ድምፃቸው ክፍል ውስጥ የሚያስተምሩበት መሆን አለበት፤ ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ንጹህ፣ የማይጎተት።

«ስለመጡ አመሰግናለሁ» አሉኝ። «መጀመሪያ ለሐኪሙ የጻፉትን ያስተካክሉ። ከዚያ ለጎረቤቶች ይንገሩ። አሁን እንስሳዎን ይዘው ይውጡ፤ ደክሞኛል።»

ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ደርሼ ነው የገባኝ። ያስተካክሉ። ይንገሩ። ይውጡ። አሥራ አንድ ዓመት አንተ፣ ልጄ ሲሉኝ የኖሩት ሴት።

ማክሰኞ 24

ለሐኪሙ ጻፍኩ። ዓይናቸው ሙሉ ጤነኛ መሆኑን፣ ያኔ ያሰፈርኩት ሐሰት መሆኑን፣ ለምን እንዳደረግኩት። ማህተም መታሁ።

ሙሽሪትን ለዓሣ ሻጩ መለስኩለት። የጠየቀኝ ነገር የለም፤ እኔም አልነገርኩትም። ይሄም አንድ ያልተናገርኩት ነገር ነው።

እሑድ 29

ጎረቤቶቹን ግቢ ውስጥ ሰበሰብኳቸው። ተናገርኩ። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት ያያል፤ በሊፍት ነው የሚመጣው ያለውን አስታውሶ ይመስለኛል። ልብስ ሰፊዋ ብቻ ነች የተናገረችው፤ ተቆጥታም አይደለም፤ እንዲሁ ልታውቅ ፈልጋ፦

«እኛስ አላወቅንም፤ ሳቅን። አንተ ያኔ አብረኸን ስትስቅ ምን እያሰብክ ነበር?»

እውነቱን ነገርኳት። እንዳይነቃብኝ እያሰብኩ ነበር።

ሐሙስ 3

ባለቤቴ ተመልሳለች። ከአሥራ አራት ቀን በኋላ። ስለ ምግብ፣ ስለ ሳሙና፣ ስለ ቁልፍ እናወራለን። ዛሬ ጠዋት የመስታወቱ ክፍል በር ላይ ቆማ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። «እዚህኛው ውስጥ ምን አለ?» አለችኝ። «ፈርን።» «ሌላስ?» «ሌላ የለም።» እጇን አስገብታ ቅጠሎቹን ገለጥ ገለጥ አደረገች፤ እስከ ታች። አልተቀየምኩም። ምን መብት አለኝ?

ቅዳሜ 5

ቲቸር ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሐኪሙ ክኒኑን አስቁሟቸዋል። ልጃቸው ዕቃውን ሲያወጣ ልርዳህ አልኩት፤ በአጠገቤ አለፈ። ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ እቅፍ አድርጋቸው «ይቅር ይበሉኝ» ስትል፣ «አንቺ ደግሞ፤ ምን አጠፋሽና!» ብለው ጉንጯን ቆነጠጧት። ዘበኛውን «አንተ ሊፍት» ብለው ጠሩት። ደረጃው በሳቅ ተሞላ። እኔ ከላይ ነበርኩ።

ረቡዕ 9

በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ እንገናኛለን፤ እሳቸው ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ፣ እኔ ወደ ሱቅ ስወርድ። አንድም ቀን ሰላም ሳይሉኝ አላለፉም። ባለቤቴ ዛሬ አብራኝ ነበረች። ከቲቸር ከተለየን በኋላ፣ ከሄደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ክንዴን ያዝ አድርጋ «አየህ፣ ይቅር ብለውሃል። እንዴት ባለ ጨዋ ሰላምታ ነው ሰላም ያሉህ» አለችኝ።

እሷን «እንዴት አደርሽ ልጄ» ነው ያሏት። እኔን ደግሞ ቆም ብለው፣ ዳቦውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንደምን አደሩ?»